ክስ ላይ ያለ መሬት

ከቀሃ ወንዝ በላይ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጥግ፣
ሃያ ሁለት ዓመት የቆለፈው ሕግ፣
አንድ ቁራጭ መሬት ነበር በሰፈሩ፤
ከሳሹም አረፉ፣ ተከሳሹም ቀሩ፣
መዝገቡ ብቻ ነው የቆየው በክብሩ።

ባለቤት የሌለው፣ ሁሉ ያዝዝበታል፤
የዶሮ ላባውን አንዱ ይደፋበታል፣
አንዱ ስንጥቅ ባልዲ፣ አንዱ ጎማ ይጥላል።
እኔም ደፍቻለሁ፤ ለምን ይዋሻል?
አመዴን በፌስታል፣ ሲመሽ፣ ተከልዬ፣
ከኔ ፊት የደፋው ይጠየቃል ብዬ።
ግንቡን ሊያይ የመጣ፣ መንገድ የጠፋበት፣
አፍንጫውን ይዞ ነበር የሚያልፍበት።

ጡረታ ወጥቼ ከትምህርት ቤት ጽዳት፣
እጄን ሥራ ማጣት ሲበላኝ በጧት፣
ግንቦት አጋማሽ ላይ፣ ዶማ ተውሼ፣
ገባሁበት፣ የሟች ባሌን ካፖርት ለብሼ።
ሳማው ለበለበኝ፣ ቆንጥሩ ጎተተኝ፣
የእምቧይ ፍሬ ቢጫው ወርቅ መስሎ ሳቀብኝ።
"ምን ጠፋብሽ?" አለኝ መንገደኛው ቆሞ።
"ጉልበቴ ነው" አልሁት፤ ሄደ ተገርሞ።

መሬት ምን ይረሳል? ዶማ ሲጠይቀው
አንድ በአንድ አወጣው ሰፈር የደበቀው፦
ባትሪ ድንጋይ፣ ማንኪያ፣ የመድኃኒት ብልቃጥ፣
የግራ እግር ኮንጎ፣ የዛገ የአንገት ጌጥ፣
ደግሞም አንድ ቁልፍ።
ቤቱ ፈርሶ፣ በሩ ተማግዶ ሳለ፣
እሱ ጥርሱን ነክሶ "እኔ አለሁ" እያለ።
አጠብሁት። ከሸንበቆ ጫፍ አሰርሁት በክር፤
ነፋስ ሲያንቃጭለው ወፍ ያባርር ጀመር።

አንድ ቀን ከማዶ ሌላ ዶማ ሰማሁ።
ጓንጉል ነው፤ በሳሉ አወቅሁ።
በቦይ ውኃ ጸብ ስድስት ዓመት የተኳረፍን፣
ለቅሶ ቤት ስንገናኝ በጎን የተላለፍን።
እሱ ከወዲያ ጫፍ፣ እኔ ከወዲህ፣
ሳንነጋገር ቆፈርን፤ ሦስት ሳምንት እንዲህ።
መሀል ላይ ስንደርስ፣ አንድ ክንድ ሲቀረን፣
ድንጋይ ተገኘ፣ ለየብቻ ያስቸገረን።
እሱ በድጅኖ፣ እኔ ከታች በእንጨት፣
አንከባለልነው በዝምታ፣ ያለ ጩኸት።
ከዚያ ወዲያ ስለ ውኃ ብቻ እናወራለን፦
"ቦዩን ልልቀቀው?"
"ልቀቀው።"
ያው ነን።

ዘሩን ከቅዳሜ ገበያ፣ ከይታይሽ ገዛሁ፣
በጠርሙስ ክዳን ስትሰፍር፣ "ጨምሪ" እያልሁ።
ችሎቱ ያን ሁሉ ዓመት ቦታውን ባይዳኘው፣
ጄሪካኑን ይዞ መጣልኝ ዳኘው፣
የወፍጮ ቤቱ ልጅ፤ ፀጉሩ ዱቄት ለብሶ፣
ቲማቲም ያጠጣል፣ ግማሹን እግሩ ላይ አፍስሶ።
አመድ የደፋሁበት ጥግ ቆስጣው ገነነ፤
ኃጢአቴ ለቅጠል ማዳበሪያ ሆነ።

በጳጉሜን ሦስት ከቀበሌ ሰው መጣ፣ ደብተር ታቅፎ።
"ማን ፈቀደልሽ?" አለኝ፣ ጫማው ላይ ጭቃ ተለጥፎ።
"ጌታዬ፣ ቆሻሻው ሲደፋ ማን ፈቅዶ ነበር?"
ጻፈ። ሰረዘ። ቆመ እንደ ተማሪ ሲያፍር።
ስሸኘው አንድ እቅፍ ቆርጬ ሰጠሁት፤
"ጉቦ አይደለም፣ ጎመን ነው" አልሁት።
"ጎመን በጤና" ብሎ ሳቀ። ሲወጣ ግን፣
ያንን ድንጋይ፣ ሁለታችን ያነሳነውን፣
በቀይ ቀለም ቀባ።
ምን ማለት ነው ብለው፣ መልሱ ጆሮ አይገባ።

በዚያ ማታ ጓንጉል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ
ውኃ ያልሆነ ነገር አነሳ በትካዜ፦
"ቢወስዱትስ?"
ነጭ ሽንኩርት ነበር የምፈለፍለው።
አምስት ወር ይፈልጋል፤ ማን አምስት ወር አለው?
አልመለስሁለትም። በጣቴ አፈር ወጋሁ፣
አንድ ፍልቃቂ ከተትሁ፣ አፈር መለስሁ።
ቀና ስል ጨልሟል። የቁልፉ ድምፅ ብቻ፣
የውኃው ድምፅ ብቻ።
ከወዲያ ጫፍ እሱም፣ ስንዝር እየለካ፣
ሲተክል ነበረ፤ ቀድሞኝ ኖሯል ለካ።